ለብዙ ቀን የአደን ጉዞ የጀርባ ሻንጣ ስለ መምረጥ

(በአውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



በመጪው መስከረምና ጥቅምት ከሰፈራችን ወጣቶች መካከል አንዳንዶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተራራው ለኤልክ አደን ለመውጣት ማሰባቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ኮሚቴውም ስለ ጀርባ ሻንጣ አመራረጥ ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስለ ጠየቀኝ እነሆ ቀርቤአለሁ። እንደው ስለ ሻንጣ ደግሞ ምን የሚወራ አለ ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ወር ሙሉ ሲጠይቅ፣ ሲያማርጥ ይከርምና ሻንጣውን ልጁ ትምህርት ቤት ከሚይዘው ነጥቆ ይሄዳል። ተራራው ላይ ግን ጠመንጃው የሚሠራው ለአንዲት ደቂቃ ነው። ሻንጣው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ከጀርባ አይወርድም።

ስለ ፈቃድ፣ ስለ መሣሪያ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከጃኑዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ ለተወለደ ሁሉ ግዴታ ስለሆነው የአዳኞች ትምህርት ዛሬ አልናገርም። እነዚህን የክፍለ ሀገሩን የፓርክና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ ተረዱ። ያደን ሥጋ ይበላል አይበላም የሚለውንም ለየሃይማኖታችን አባቶች ትቼዋለሁ። የእኔ ርእስ ሸክም ነው። የምለውም ባጭሩ ይህ ነው፦ ሻንጣ የሚመረጠው ለመመለሻው ነው። ሲሄዱ የማይከብድ ሻንጣ ሞልቷል፤ ጥያቄው ሲመለሱ ምን ይሆናል ነው።

አንደኛ፤ ሸክሙን ስለ ማወቅ

ኤልክ የአጋዘን ወገን ነው። ያላየው ሰው ግን ሚዳቋ እንዳይመስለው። ያደገ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሴቷም 225 ግድም ትደርሳለች። አገር ቤት የምናውቀውን የእርሻ በሬ አስቡ። ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ተለይቶ ከወንዱ የሚቀረው ሥጋ ብቻውን ከ70 እስከ 100 ኪሎ ይሆናል። አንዱ የኋላ ታፋ ከነአጥንቱ 25 ወይም 30 ኪሎ ይመዝናል።

ይህ ሁሉ የሚወጣው በሰው ጀርባ ነው። መኪና እዚያ አይደርስም። በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት ዊልደርነስ ተብለው በተከለሉት ደኖች ውስጥ ሞተር ያለው ነገር ቀርቶ ብስክሌትም አይገባም። ቀንዱን ይዞ ሥጋውን ትቶ መምጣት ደግሞ ነውር ብቻ አይደለም። የኮሎራዶ ሕግ የሚበላውን ሥጋ ለምግብነት ማዘጋጀትን ያስገድዳል፤ እያወቀ የጣለ በከባድ ወንጀል ይጠየቃል። በዚህም ላይ ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል የአጋዘንና የኤልክ በሽታ ስላለ፣ ምርመራ ግዴታ በተደረገባቸው ወረዳዎች ጭንቅላቱንም ይዞ መጥቶ ማስመርመር ያስፈልጋል። እንግዲህ ይህም ሌላ ሸክም ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለ5 ቀን የሚወጣ ሰው ሻንጣው ራሱ 3 ኪሎ፣ ድንኳኑ 2፣ የመኝታ ከረጢቱ 1 ተኩል፣ ምንጣፉ ግማሽ፣ ልብሱ 2፣ ምግቡ በቀን 1 ኪሎ ቢታሰብ 5፣ ውሃው 2፣ ምድጃና ጋዙ 1፣ ቢላዋው፣ መነጽሩ፣ መብራቱ፣ መድኃኒቱና የሥጋ ከረጢቱ አንድ ላይ 2 ኪሎ ቢሆን፣ ድምሩ 19 ኪሎ ይመጣል። ጠመንጃው 4 ኪሎ ሲጨመር 23። ይህ ገና ሲሄዱ ነው። በነገራችን ላይ ለምግቡ ብዙ አትጨነቁ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ካላችሁ ሱቅ ከሚሸጠው የታሸገ የመንገድ ምግብ የምታንሱበት የለም። ክብደታቸው ትንሽ ነው፤ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ቶሎም አይበላሹም።

መመለሻውንም እናስላ። እንስሳው የወደቀው ከመኪናው 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው እንበል፤ ድንኳኑም እዚያው አጠገብ ነው። ሥጋው 90 ኪሎ ነው። ብቻውን የሄደ ሰው በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ ቢሸከም ሥጋውን በ3 ዙር ያወጣል፤ ዕቃውን በ4ኛው። ይህም ማለት 4 ጊዜ መውጣትና 3 ጊዜ መመለስ፣ በድምሩ 35 ኪሎ ሜትር በተራራ ላይ መሄድ ነው። ሦስት ሆነው ቢሄዱ ግን እያንዳንዱ 30 ኪሎ ሥጋ አንድ ጊዜ አውጥቶ፣ ተመልሶ ዕቃውን ቢያመጣ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል። ቅርጫ የምናውቅ ሕዝብ ነን። በሬ ብቻውን የሚያርድ ሰው እንደሌለ ሁሉ ለኤልክም ብቻውን መሄድ አይመከርም። መደቡ ሲከፈል ሸክሙም አብሮ ይከፈላል።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍሬሙ

ሸክሙን ካወቃችሁ በኋላ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ኪሱን ወይም ቀለሙን ሳይሆን ፍሬሙን ይሁን። ፍሬም ማለት የሻንጣው አጥንት ነው። ክብደቱን ከትከሻ ተቀብሎ ወደ ወገብ የሚያወርደው እርሱ ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳ ይህ አጥንት የለውም፤ ስለዚህ 20 ኪሎ ሲገባበት ሁሉም በትከሻ ላይ ይንጠለጠላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቶቻችን ከምንጭ ውሃ ሲቀዱ እንስራው የሚያርፈው የት ነበር? ወገብ ላይ ነው። ገመዱ እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ ክብደቱን የሚሸከመው ወገብና ዳሌ ነው። ጥሩ ሻንጣም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በዚህ አገር ዲክ ኬልቲ የሚባል ሰው በ1952 በካሊፎርኒያ የአሉሚኒየም ፍሬምና የወገብ ቀበቶ ያለው ሻንጣ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። በ1967 ደግሞ ግሬግ ሎው ፍሬሙን በሻንጣው ውስጥ የደበቀ ሠራ። እስከ ዛሬ የምናያቸው ሁለቱ ዓይነቶች እነዚህ ናቸው፤ ፍሬሙ ውጭ የሆነና ፍሬሙ ውስጥ የሆነ።

ለአደን የሚሻለው ከረጢቱ ከፍሬሙ የሚላቀቀው ዓይነት ነው። ታፋው በፍሬሙና በከረጢቱ መካከል ገብቶ በጠፍር ይታሰራል። በዚህ ዓይነት ሥጋው ከጀርባ ጋር ይጠጋል፤ ደሙም ልብስና ምግብ ውስጥ አይገባም። ከጀርባ የራቀ ሸክም ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለም መቀመጫን እየመታ ያደክማል። ስለዚህ ከባዱ ነገር በትከሻ አጥንቶች መካከል ይቀመጥ። የፍሬሙ ጫፍም ከትከሻ ከፍ ይበል፤ ከላይ ወደ ትከሻ ማንገቻ የሚወርዱት ትናንሽ ጠፍሮች ሊስቡ የሚችሉት ያን ጊዜ ነውና።

ሦስተኛ፤ ሰውነትን ስለ መለካት

ብዙ ሰው ረጅም ስለሆነ ትልቅ፣ አጭር ስለሆነ ትንሽ ሻንጣ የሚገባው ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። የሚለካው ቁመት ሳይሆን ጀርባ ነው። ረጅም እግርና አጭር ጀርባ ያለው ሰው ሞልቷል። አንገታችሁን ወደ ፊት ስታጎነብሱ ከኋላ በኩል ብቅ የምትለዋን አጥንት ፈልጉ። ከዚያም ሁለት እጆቻችሁን የዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ አድርጋችሁ አውራ ጣቶቻችሁን ወደ ኋላ አገናኙ። ከአንገቷ አጥንት እስከ አውራ ጣቶቹ መሥመር ያለውን ሌላ ሰው በሜትር ይለካላችሁ። ይህ ቁጥር በአብዛኛው ሰው ከ40 እስከ 53 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩን ለሻጩ ንገሩት፤ ወይም ልኩ ከፍና ዝቅ የሚል ሻንጣ ምረጡ። እህቶቻችንም ለሴት የተሠራውን የወገብ ቀበቶና ማንገቻ ይጠይቁ፤ ለወንድ የተሰፋው ዳሌ ላይ በደንብ አይቀመጥም።

ቀበቶው እምብርት ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንት ላይ ይታሰር። ከታሰረ በኋላ የትከሻውን ማንገቻ ትንሽ ስታላሉት ሻንጣው ካልወረደ ልክ ነው ማለት ነው።

አራተኛ፤ ስለ መጠኑና ስለ ጨርቁ

ለ5 ቀን ጉዞ ከ80 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ባዶ ቦታ አይቶ ዝም የሚል ሰው የለም፤ ይሞላዋል። ጠፍሮቹ ሲጠብቁ ሻንጣው ማነስ የሚችል ይሁን፤ ድንኳኑ ተተክሎ ቀን ቀን ሲታደን ባዶ ሆኖ እንዳይንቋቋ። ጨርቁ ወፍራም ናይለን ይሁን፤ 500 ዲኒየር የሚባለው ለቅርንጫፍና ለድንጋይ ይበረታል። ሱቅ ውስጥ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉትና ድምፁን ስሙ። ኤልክ ጆሮው ቀጭን ነው፤ የሚንኮሻኮሽ ጨርቅ ከሩቅ ያስደነብረዋል።

ከሻንጣው ጋር አየር የሚያሳልፉ የጨርቅ ከረጢቶች ለሥጋው ግዙ። በመስከረም ቀኑ ይሞቃል። ሥጋው ቶሎ ተገፎ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በጥላ ሥር ተሰቅሎ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ የዋለ ሥጋ የቀኑን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ድብም ስላለ ከድንኳኑ ራቅ ተደርጎ ይሰቀል።

አምስተኛ፤ ስለ ደኅንነት

ይህን በተለይ አዳምጡኝ። በጠመንጃ አደን ወቅት በኮሎራዶ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ የሆነ ደማቅ ልብስ፣ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች፣ ከወገብ በላይ መልበስና ከየአቅጣጫው የሚታይ ተመሳሳይ ቆብ ማድረግ ግዴታ ነው። ታዲያ ትልቅ ሻንጣ ሲታዘል ከጀርባ በኩል ይህን ልብስ ይሸፍነዋል። ከኋላ የሚያይ ሌላ አዳኝ የሚያየው በቅጠል መካከል የሚንቀሳቀስ ቡናማ ነገር ነው። ስለዚህ ሻንጣው ላይም ብርቱካንማ ጨርቅ ይታሰር። ቀንድ የሚሸከም ሰውማ ቀንዱን በዚሁ ጨርቅ ሳይጠቀልል አንድ እርምጃ እንዳይራመድ። ጠመንጃ ሻንጣ ላይ ሲታሰር ጥይቱ ወጥቶ ይሁን። ወንዝ ስትሻገሩ የወገቡን ቀበቶ ፍቱ፤ ሰው ቢወድቅ ከሻንጣው ቶሎ መላቀቅ አለበት።

ከፍታውንም አትናቁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ተራራ አያስፈራኝም ይላል። ግን እዚህ ዴንቨርና አካባቢዋ 1,600 ሜትር ላይ ስንኖር ሰውነታችን ለምዶታል፤ ኤልክ ያለበት አንዳንዱ ስፍራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ማለት ነው። እዚያ ላይ 30 ኪሎ እዚህ እንደምናውቀው 30 ኪሎ አይደለም።

ከመግዛትም በፊት ሆነ ከገዙ በኋላ መሞከር

ዓይን አይቶ የወደደው ሻንጣ ወገብ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ባዶውን አዝሎ መስተዋት ፊት መቆም ምንም አያስረዳም። ሱቁ ውስጥ ክብደት እንዲያስገቡላችሁ ጠይቁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ደረጃ ውጡ፣ ውረዱ። ቤት ከወሰዳችሁ በኋላ መለያውን ሳትቆርጡ ሁለት የ25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት ጨምሩበት። ይህ ወደ 23 ኪሎ ይሆናል። ቤት ውስጥ ተመላለሱበት። ትከሻ ካቃጠለ፣ ዳሌ ካደነዘዘ መልሱት። ከተስማማችሁ ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቼሪ ክሪክ ፓርክ ወስዳችሁ ተለማመዱበት።

ስለ ዋጋው ያሰባችሁ አላችሁ። አዲሱ የአደን ሻንጣ 400፣ 600 ዶላርም ይጠየቅበታል። ለዚህ አቅም የሌለው የአሜሪካ ጦር የተጠቀመበትን አሊስ የሚባለውን ባለ አሉሚኒየም ፍሬም ሻንጣ ከወታደር ዕቃ መሸጫ በርካሽ ሊያገኝ ይችላል። ምቾቱ ይቀንሳል እንጂ ታፋ ይሸከማል። ያለ ፍሬም ከመሄድ ይሻላል።

በመጨረሻም ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እድሮቻችን ድንኳንና ድስት በጋራ ገዝተው ለሚያስፈልገው ያውሳሉ። በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ለሚታዘል ነገር እያንዳንዱ ቤት 500 ዶላር ከሚያወጣ፣ ልካቸው ከፍና ዝቅ የሚል ሁለት ጥሩ ሻንጣዎች በማኅበሩ ስም ተገዝተው በመዝገብ ቢዋሱ አይሻልምን? ክረምት ክረምት ተራራ ለሚወጡ ልጆቻችንም ይጠቅማሉ። ኮሚቴው ይነጋገርበት። በዚህ ዓመት ለመውጣት ያሰባችሁ ወጣቶችም በሚቀጥለው ስብሰባ ያላችሁን ሻንጣ ከነዕቃው ይዛችሁ ኑ። ሚዛን አመጣለሁ፤ እንመዝናለን፤ ጀርባችሁንም እንለካለን። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ በየትኛው መንገድ እንደምትገቡና መቼ እንደምትመለሱ ጽፋችሁ ለቤተሰብ ተዉ።