ከጣና ጉብኝት ምን ተማርን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ልንነግራችሁ የመጣነው በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ጣና ሐይቅ ስላደረግነው ጉብኝት ነው። ጉብኝት ሲባል ብዙ ሰው ሽርሽር ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ዐይን ያየውን ልብ ካላስተዋለው መሄድና አለመሄድ አንድ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን፥ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟ በታወቀው በማንኩሳ፥ ከዚያም በቡሬ፥ በእንጅባራ፥ በዳንግላና በመራዊ በኩል አድርገን ባሕር ዳር ገባን። በማግሥቱ ማለዳ በሞተር ጀልባ ተሳፍረን በውሃው ላይ ከተጓዝን በኋላ ዘጌ ወረድን።

የዘጌ ነገር ለእኛ ለገበሬ ልጆች እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በእኛ አገር በሬ የሌለው ቤት እንደ ሙሉ ቤት አይቈጠርም። በዘጌ ግን በሬ አይጠመድም፤ መሬትም በማረሻ አይገለበጥም። ይህ ሥርዐት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው ይባላል። ሕዝቡ በቡና፥ በጌሾና በሎሚ ይኖራል። ስለዚህም በሐይቁ ዙሪያ ያለው ብዙ ደን ተመንጥሮ ሲያልቅ የዘጌ ደን ቆሞ ቀርቷል። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑትን የጥንት ሥዕሎች አይተን ተደነቅን።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የያዘው፥ ወደ ባሕር ዳር ከተመለስን በኋላ በሐይቁ ዳር ታንኳ ሲሠሩ ያገኘናቸው አንድ አረጋዊ አባት ናቸው። የደረቀውን ደንገል ነዶ ነዶ አድርገው ይለያሉ፤ ነዶውን በጕልበታቸው ተጭነው በገመድ ያጠብቃሉ፤ ከዚያም አንዱን ከሌላው እያያዙ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ። ሚስማር የለበትም፤ መለኪያም አልያዙም፤ የሚለኩት በዐይናቸው ነው። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር ወጥቶ ለፀሐይ ይቆማል። እንዲህም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። እንግዲህ የታንኳ ዕውቀት የሚኖረው በታንኳው ውስጥ ሳይሆን በሠሪው እጅ ነው ማለት ነው። ታንኳው ቢበሰብስ እጁ ሌላ ይሠራል። እጁ የጠፋ እንደ ሆነ ግን የሚተካው የለም።

«አባታችን፥ ይህን ሥራ ከማን ተማሩት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከአባቴ ነው ልጆቼ። እሱም ከአባቱ።»

«ልጅዎስ ተምሮታል?»

«እሱ ከተማ ገብቶ ባጃጅ ይነዳል። ታንኳ ሠሪ መባሉን አልወደደውም» አሉን።

ከአጠገባቸው አንድ ክንድ የማይሞሉ ትንንሽ ታንኳዎች ተደርድረው ነበር። ጎብኝ የሚገዛው እነዚያን ነው። ትልቁን ታንኳ የሚፈልገው ሰው እያነሰ ሄዷል። የሞተር ጀልባ መጥቷል፤ ደንገል ይበቅልበት የነበረው ዳርቻ ለእርሻ እየተመነጠረ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭም ሌላ መከራ ሆኗል።

ይህን ሥራ ተራ ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር የሚከተለውን ያስብ። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሊቅ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት በተነሣ ጊዜ፥ በ1961 ዓ.ም. ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ጀልባውን የሠሩለት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለ እጆች ነበሩ። ያ ጀልባ መንገዱን ሳይጨርስ ተበላሸ። በ1962 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ ካለው ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ሁለተኛውን ሠሩለት፤ እሱም ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ሊቁ መጻሕፍቱን ሁሉ አንብቦ ሳለ፥ ነዶ ማሰርን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄዶ መለመን ግድ ሆነበት።

በጣና ዙሪያ በታንኳ ሥራ ከጥንት የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይኖሩ ነበር፤ ሥጋውንም ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው ያርቋቸውና ይንቋቸው ነበር። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ገደማ በዚያ ሲያልፍ፥ ከሌሎቹ የአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ዛሬ ወይጦዎች የሚናገሩት አማርኛ ነው። የቀድሞው ቋንቋቸው በሚገባ ሳይጻፍ ጠፋ። የተናቀ ሰው የሚያውቀውን የሚጠይቀው የለም፤ ያልተጠየቀም ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ለጥቂት ሰዓት ቆመው ቤተሰቦችን ያወርዳሉ። እንግዶቹ የማያ ሕዝብ በቈሎ እንዴት እንደሚፈጭ፥ ቂጣው በምጣድ እንዴት እንደሚጋገር አይተው፥ ፎቶግራፍ አንሥተው ይመለሳሉ። ከእነሱም ማያ ድሮ የጠፋ ሕዝብ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን በሚሊዮን የሚቈጠሩ ማያዎች ዛሬም በጓቴማላ፥ በሜክሲኮና በቤሊዝ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም በገዛ ቋንቋዎቻቸው ይነጋገራሉ። ይህን የሚያውቅ ከምጣዱ አልፎ ሰውየውን ያነጋገረ እንግዳ ብቻ ነው።

ወገኖቻችን ሆይ! ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር አይምሰለን። በአገራችንም ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቀጥቃጩና ፋቂው በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከአንደበታችን ጨርሶ አልወጣም። በሸክላው ምጣድ ጋግረን እየበላን፥ በቀጥቃጩ ማረሻ አርሰን እየኖርን፥ ሠሪውን መናቅ ምን ዐይነት ፍርድ ነው? አብሮን በአንድ ወንበር የሚማር የባለ እጅ ልጅ በአባቱ ሥራ ካፈረ፥ ኀፍረቱ የእሱ ሳይሆን የሁላችን ነው።

ስለዚህ በተማሪዎች ስም ሦስት ነገር እንለምናለን። ተማሪዎች ሆይ፥ በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን ከቤተሰባችን ወይም ከጎረቤታችን አንድ ባለ ሙያ ዘንድ ተቀምጠን ሥራውን ከነመሣሪያው ስም እንጻፍ። ሞፈርና ቀንበር፥ እርፍና ድግር፥ ወገልና ምራን የቱ የት እንደሚገባ የማያውቅ የገበሬ ልጅ በዝቷልና ከዚያ መጀመር ይቻላል። ወላጆቻችን ሆይ፥ ስንጠይቃችሁ «ይህ ለተማረ ሰው ምን ይረባል?» ብላችሁ አትመልሱን። መምህራኖቻችን ሆይ፥ የጻፍነውን አርማችሁ በሚመጣው የመታሰቢያ መጽሔት እንዲወጣልን አድርጉ፤ የባለ ሙያውም ስም፥ እሱ ከፈቀደ፥ ከጽሑፉ በላይ በግልጽ ይጻፍ።

እኒያ አባት ስንሰናበታቸው ቀና ብለው «ደግማችሁ ኑ፤ እጃችሁን ላስይዛችሁ» አሉን። እኛም በሚመጣው ዓመት ለማየት ብቻ ሳይሆን ነዶ ለማሰርም ወደ እሳቸው ለመመለስ ተስማምተናል።