ልጃችሁ የሚሰበስበው ካርድ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ፖክሞን ካርድ ነው። «ፓስተር፣ ስንት የሚሰበክ ነገር እያለ ስለ ልጆች ጨዋታ?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ታገሡኝ። አሜሪካ ባሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ልጆች ክፍል ጎራ ብትሉ፣ ሦስት አራት ልጆች ወለል ላይ ተንበርክከው ታገኛላችሁ። ለጸሎት መስሏችሁ «ሃሌሉያ!» እንዳትሉ፤ ካርድ እየተለዋወጡ ነው። ወላጅ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ይጫወቱበት፣ ምን አለበት» ብሎ ያልፋል። ሌላው «የሰይጣን ሥራ ነው» ብሎ ሰብስቦ ቆሻሻ ውስጥ ይጨምረዋል። ሁለቱም ቁጭ ብለው አላዩትም። ዛሬ አብረን እንየው።

ነገሩ የተጀመረው ጃፓን ነው። ሳቶሺ ታጂሪ የሚባል ሰው በልጅነቱ ጥንዚዛና ሌሎች ነፍሳትን እየያዘ መሰብሰብ ይወድ ነበር። ካደገ በኋላ ያንን ደስታ ወደ ቪዲዮ ጌም ለወጠው፤ ጌሙም እ.ኤ.አ. በ1996 ለኒንቴንዶ ጌም ቦይ ወጣ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጌሙ የወጣው በሁለት ዓይነት ነው፤ ቀይና አረንጓዴ። በቀዩ ከሚገኙት ፍጥረታት አንዳንዱ በአረንጓዴው የለም፣ በአረንጓዴው ያለው ደግሞ በቀዩ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ሌት ተቀን ቢጫወት ሁሉንም አያገኝም። ጓደኛ ያስፈልገዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች በገመድ ይያያዙና ልጆቹ ይለዋወጣሉ። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። በዚያው ዓመት ካርዱ ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ በ1999 መጀመሪያ አሜሪካ ገባ። የመጀመሪያው ስብስብ 102 ካርድ ነበረው። እኛስ ብንሆን ቆርኪና ብይ ሰብስበን አይደል ያደግነው? ኪሱ በብይ የሞላ ልጅ በሰፈሩ ንጉሥ ነበር።

ታዲያ «ጋኔን አለበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣል። ጋኔን መኖሩን አልክድም፤ ጌታም በስሙ ሥልጣን ሰጥቶናል። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ ሥጋውን አልፈራም፤ ያሳሰበው የደካማው ወንድም ኅሊና ነው። በጌሙ ውስጥ «ጎስት» የሚባል ዓይነት ፍጥረት አለ፤ የለም ብዬ አልሸፍንላችሁም። ልጃችሁ ያንን ሥዕል አይቶ ሌሊት የሚባንን ከሆነ አውጡለት፣ አብራችሁት ጸልዩ፣ አለቀ። «ኢቮሉሽን» የሚለው ቃል ያስደነገጣችሁም አላችሁ። ግን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ካተርፒ የሚባለው ትል ሜታፖድ ይሆናል፣ ተሸፍኖ ይቆያል፣ ከዚያ በተርፍሪ ሆኖ ይበራል። ይህ አባ ጨጓሬና ቢራቢሮ ነው፤ እግዚአብሔር በጓሮአችን በየዓመቱ የሚያደርገው።

አንዲት እናት የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ካርድ በሙሉ እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ጣለችበት። ስለ ጌታ ቀንታ ነው፤ ልቧን አልወቅስም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ምንም አያሳያትም። ምን እንደሚያይ፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ አታውቅም። ካርዱ ቢያንስ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እሽጉ ነው። አሁን በአሜሪካ አንዱ እሽግ አምስት ዶላር ገደማ ያወጣል፤ በውስጡ 10 ካርድ አለ። የትኞቹ እንደሆኑ ግን ሳይቀደድ አይታወቅም። ልጁ የሚከፍለው ለማያየው ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣለት ቤት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። የተመኘው የሚያብረቀርቀው ሲጠፋ ዓይኑ ወደ እናቱ ይዞራል፤ «ማሚ፣ አንድ ብቻ!» ይላል። ወገኖቼ፣ ይህን ቃል የት ሰማችሁት? የስፖርት ውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ አይደለም? ካርዱ ቁማር ነው እያልኩ አይደለም፤ ልጁ ባዶ እጁን አይመለስም። ልቡ ግን የሚለምደው ያንኑ መንገድ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የካርድ ሱቆች ነጠላ ካርድ ዋጋውን ለጥፈው ይሸጣሉ። «የትኛውን ትፈልጋለህ? ስንት ነው? ስንት ሳምንት ታጠራቅማለህ?» በሉት። የሚያየውን፣ በጠበቀው ገንዘብ ይግዛ።

ደግሞ በልጆቹ ላይ ብቻ አንፍረድ፤ ነገሩን ያበላሹት ትልልቆቹ ናቸው። ሎጋን ፖል የሚባል ታዋቂ ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንዲት የፒካቹ ካርድ 5,275,000 ዶላር የሚያወጣ ግዢ ፈጸመ፤ በኋላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏት ወደ ትግል መድረክ ወጣ። በዚያው 2021 ግንቦት ላይ ዊስኮንሲን ውስጥ በአንድ ሱቅ መኪና ማቆሚያ በካርድ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ሽጉጥ ተመዘዘ፤ ታርጌት የተባለው ትልቅ መደብርም ለሠራተኞቹና ለደንበኞቹ ደህንነት ሲል በሱቆቹ ካርድ መሸጥ ለጊዜው አቆመ። ሽጉጥ የመዘዘው ልጅ አይደለም!

ካርድ መርምረው ከ1 እስከ 10 ውጤት የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ፤ ስመ ጥሩው ፒ.ኤስ.ኤ. ይባላል። ማዕዘኑ፣ ጠርዙ፣ ጭረቱ ይታያል፤ ከዚያ ካርዱ በጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል። 10 ያገኘ እንደሆነ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ግን ከዚያ በኋላ ማንም አይጫወትበትም። ልጅ ከልጅ ጋር እንዲገናኝበት የተሠራው ነገር ካዝና ውስጥ ይገባል። በማቴዎስ 25 አንዱን መክሊት የቀበረውን ባሪያ አስታወሰኝ። የእሱም መክሊት እኮ ጭረት አልነበረባትም።

በሉቃስ 12 አንድ ሰው መጥቶ ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ጌታን ለመነ። ጌታ ዳኛ ሊሆንለት አልፈቀደም፤ ስለ መጎምጀት አስጠነቀቀው። በግሪኩ ቃሉ ፕሌኦኔክሲያ ነው፤ ካለኝ ላይ ሁልጊዜ ሌላ መፈለግ ማለት ነው። ርስት ቢሆን፣ መኪና ቢሆን፣ ካርድ ቢሆን ልዩነት የለውም። አንዳንዱ ወላጅ የልጁን ካርድ ይኮንናል፣ ራሱ ግን ሦስተኛ ቤት ሊገዛ ጸሎት አስይዟል። (ይህን ስል በስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ወንድሞች ሳቁብኝ።)

አንድ የማውቀው ወንድም፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ የነገረኝን ልንገራችሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ከኋላ ወንበር ደስ ብሎት «አባዬ፣ ዛሬ በጣም አሪፍ ትሬድ አደረግሁ» አለው። ከሰባት ዓመት ልጅ አንዲት ውድ ካርድ ተቀብሎ አምስት ተራ ካርዶች ሰጥቶታል። አባት መጀመሪያ ፈገግ ሊል ነበር፤ አምስት በአንድ፣ ትንሹ ልጅ የተጠቀመ ይመስላል። ግን ነገሩን ያውቀዋል፤ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ተምሯል። በካርዱ ግርጌ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት አለች፤ ክብ ከሆነች ተራ ነው፣ ዳይመንድ ከሆነች ትንሽ ከፍ ይላል፣ ኮከብ ከሆነች ብርቅ ነው።

«ኮከቧን ያውቃት ነበር?» አለው።

ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ «አያውቅም» አለ።

አባት አልጮኸም። የእግዚአብሔር ቃል በዘሌዋውያን 19 ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ ምን እንደሚል በአጭሩ ነገረው፤ ገበያ ላይ ሚዛን የሚያሳስት ነጋዴ ሥራው ይኸው መሆኑን አስረዳው። በሚቀጥለው መውጫ ወጥቶ መኪናውን አዞረ። አርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ያን ሌሊት ደግሞ ሥራ ገቢ ነበር። ልጁ እስኪደርሱ ድረስ አለቀሰ። በሩን ሲያንኳኩ የትንሹ ልጅ እናት ከፈተች። ልጁ ካርዷን በሁለት እጁ ይዞ «ይህቺ የእሱ ናት። ኮከብ አላት፤ አልነገርኩትም ነበር» አለ።

ትንሹ እየሮጠ መጣና ተቀበለው፤ ወዲያው ደግሞ «ና፣ ሌሎቹን ላሳይህ» ብሎ እጁን ጎተተው።

«ለካርድ ብላችሁ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የተመለሳችሁት?» አለች እናትየው። «ግቡ እንጂ፣ ቡናው ሊቀርብ ነው።»

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።