የተወረወረ ቁልፍ

ዛሬ ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ዳር።

ትናንት ማታ አንድ ሆቴል ገባሁ። ስሙ ይቆየን። እንግዳ ተቀባዩ ቀና ብሎ አላየኝም። «እንደምን አመሸህ» አልኩት። ዝም። መታወቂያዬን ሰጠሁት። ዝም። ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ወረወረልኝ።

ወረወረልኝ! እንግዳን እግር አጥቦ በሚቀበል አገር ቁልፍ ሲወረወርባችሁ ያማል። ደሜ ፈላ። «ሥራ አስኪያጁን ጥራልኝ!» ልል አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ዓይኑን አየሁት። ቀልቷል።

«ወንድሜ፣ ከመቼ ጀምሮ ነህ እዚህ?» አልኩት።

«ከትናንት ጀምሮ አልተኛሁም። ተረኛው ቀረብኝ።»

ታዲያ ልክ ነበር? አልነበረም። ቁልፍ አይወረወርም። ይህን ሳልነግረው አላለፍኩም። ዝም ብሎ መዋጥ ለእሱም አይበጀው፣ ለነገው እንግዳም አይበጅ። ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። ሰው ፊት ሳይሆን፣ ለብቻው ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ጋሼ» አለኝ።

አሁን ሐይቁ ዳር ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ነው። ቅድም ልጁ ተረኛው ደርሶለት ወደ ቤቱ ሲሄድ አየሁት። ከሩቅ እጁን አነሳልኝ።