የነዳጅ ሀብትና የሰው ሥራ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ወጣቶች ከየቀበሌው ተነስተው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ብዙ ሰውም «ነዳጅ ያለበት አገር ሥራ ሞልቷል» ብሎ ያምናል። ነገር ግን ነዳጅ ብዙ ገንዘብ ቢያስገባም በራሱ የሚፈጥረው የሥራ ዕድል ጥቂት ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቧንቧው ከተዘረጋ በኋላ የሚያስፈልገው አነስተኛ ቁጥር ያለው ባለሙያ ነው። ስለሆነም የአንድ አገር ዕድል የሚወሰነው ነዳጅ በመኖሩ ሳይሆን ገንዘቡ ለምን ሥራ እንደዋለና ማን እንደተቆጣጠረው ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው የሦስት አገሮች ተሞክሮ ይህንኑ ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናይጄሪያ ከነዳጅ በፊት የምትታወቀው በገበሬዋ ነበር። በሰሜን፣ ካኖ ላይ በጆንያ የተሞላ ለውዝ እንደ ተራራ ተከምሮ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። በምዕራብ ካካዎ፣ በምሥራቅ የፓልም ዘይት ይመረት ነበር። በ1956 ኦሎይቢሪ በተባለ ቦታ ነዳጅ ተገኘ፤ በ1958 ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ። ከ1973 መጨረሻ ጀምሮ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሲሆን ገንዘብ ጎረፈ። የአገሪቱ ገንዘብ ናይራ ጠነከረ፤ ከውጭ የሚገባው ስንዴና ሩዝ ረከሰ፤ የገበሬው ምርት ግን በውጭ ገበያ መወዳደር አቃተው። ባለሙያዎች ይህን «የሆላንድ በሽታ» ይሉታል፤ ስሙ የመጣው ሆላንድ የተፈጥሮ ጋዝ ካገኘች በኋላ በሌሎች ኢንዱስትሪዎቿ ላይ ከደረሰው ጉዳት ነው። ድርቅና የሰብል በሽታም ተጨምረውበት የካኖ የለውዝ ክምር ጠፋ። ወጣቱ ማሳውን ትቶ ወደ ሌጎስ ተሰደደ፤ ከተማዋ ግን ለሁሉም የሚበቃ ሥራ አልነበራትም።

ከዚህም የከፋው የተጠያቂነት መጥፋት ነው። መንግሥት በገበሬው ምርት ሲተዳደር፣ በዋጋ ቢጎዳውም እንኳ፣ ገበሬውን ይፈልገው ነበር። ገቢው ከጉድጓድ ሲመጣ ግን የገበሬው ድምፅ ሰሚ አጣ።

ሳዑዲ ዓረቢያ በአንጻሩ ግብርናን አልረሳችም፤ እንዲያውም ገንዘብ አፈሰሰችበት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ስንዴን ከዓለም ገበያ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ይገዛ ጀመር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታዊው ምርት 40 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ደርሶ በረሃማዋ አገር ስንዴ ላኪ ሆነች። ይሁን እንጂ ውሃው የሚቀዳው ዝናብ ከማይተካው ጥልቅ የከርሰ ምድር ክምችት ነበር። ክምችቱ በመመናመኑ በ2008 ግዢው በየዓመቱ እንዲቀንስ ተወሰነ፤ በ2016 ቆመ። ከዚያ በኋላ የተፈቀደውም በተወሰነ መጠን ብቻ ነው።

የሥራ ገበያውም ለሁለት ተከፈለ። የአገሬው ሰው ደመወዙ የተሻለውን የመንግሥት ቢሮ ሲመርጥ፣ የግንባታው፣ የእርሻውና የቤት ውስጥ ሥራው በውጭ ሰው ተሸፈነ። «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት የዚህ ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነበር። መንግሥት ለወጣት ዜጎቹ ሥራ ለማስገኘት በ2011 ድርጅቶች ሊቀጥሩ የሚገባቸውን የዜጋ መጠን ደነገገ፤ በ2013 መጨረሻ ደግሞ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሰዎች በብዛት ማስወጣት ጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ለመሄጃ የተበደሩትን ሳይከፍሉ የገቡት ብዙ ናቸው። በ2021 አሠሪ መቀየርን የሚያቀል ማሻሻያ ቢወጣም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም።

ሦስተኛዋ ኢንዶኔዥያ ናት። እንደ ናይጄሪያ ሕዝቧና ገበሬዋ የበዛ፣ ነዳጅም የምታወጣ አገር ነች። በ1970ዎቹ ከነዳጅ ገቢዋ ከፊሉን ለማዳበሪያ፣ ለመስኖ፣ ለገጠር መንገድና ለትምህርት ቤት አዋለችው። ከ1973 ጀምሮ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ61 ሺህ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። በ1978 የገንዘቧን ምንዛሪ ዝቅ በማድረግ አምራቿን ከርካሽ የውጭ ዕቃ ተከላከለች። ሩዝ ከውጭ በብዛት ትገዛ የነበረችው አገር በ1980ዎቹ አጋማሽ በሩዝ ራሷን ቻለች። ይህ ሲባል ግን አስተዳደሩ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። በ1975 የመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ ፐርታሚና ዕዳውን መክፈል አቅቶት ነበር፤ የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ መንግሥትም በሙስና ሲከሰስ ኖሮ በ1998 ወረደ። ልዩነቱ ገንዘቡ ከመባከኑ በፊት ከፊሉ ገበሬው ማሳ መድረሱ ነው።

የተከበራችሁ የበዓሉ ተሳታፊዎች፣

ዩኒየን ነዳጅ የለውም። ነዳጅን የሚመስል ገንዘብ ግን ያገኛል፦ አባሉ ያላዋጣው እርዳታ፣ ወይም የገበያ ዋጋ ድንገት የናረበት ዓመት ትርፍ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲገባ አባሉ ሂሳብ መጠየቁን ይተዋል፤ የሥራ አመራር ኮሚቴውም መልስ መስጠቱን ይረሳል። አባሉ ዕጣ የገዛው ከእህሉ ሽያጭ ነው፤ ስለዚህ የመጠየቅ መብቱ በእርዳታ ብዛት አይቀንስም።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ሊተኮርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ዋጋ በናረበት ዓመት የተገኘ ትርፍ ሁሉ በክፍፍል ማለቅ የለበትም፤ ከፊሉ ለመጋዘን፣ ለዘር ማበጠሪያና ለዱቄት ፋብሪካ ቢውል ለአባላት ልጆች በአገር ቤት ሥራ ይፈጥራል። ሁለተኛ፣ የኦዲት ሪፖርት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ማንም በሚገባው ቋንቋ ይነበብ፤ ስንት ብር እንደተተረፈ ብቻ ሳይሆን ስንት ወጣት እንደተቀጠረም ይገለጽ። ሦስተኛ፣ የመንግሥት ኃላፊዎች ኦዲቱ በወቅቱ እንዲከናወን ይርዱ፤ የዩኒየኑን ገንዘብ ግን አባላት ላልወሰኑት ሥራ እንዲውል አይዘዙ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ድሩን ሁሉም ሲፈትለውና ሁሉም ሲያየው ነው። ወጣቱ ባሕር ተሻግሮ የሚፈልገውን ሥራ በቀዬው እንዲያገኝ ዩኒየኑ ከዛሬው ትርፍ የነገውን ሥራ ይገንባ።

መልካም የምሥረታ በዓል!