ኩባንያው «አንተ» ሲለን



ባለፈው ወር እናቴን በስልክ ለማግኘት ሦስት ቀን ሞክሬ ስላልሆነልኝ፣ ልቤ ፈርቶ ወደ ቤቷ ሄድሁ። በደኅና ቡናዋን ስታፈላ አገኘኋት። «አንተን አይደለም እንዴ የሚሉት?» ብላ ስልኳን አቀበለችኝ። መልእክቱ «ወዳጃችን፤ ሂሳብህን እስከ ሰኞ ክፈል፤ አለዚያ መሥመርህ ይቋረጣል» ይላል። «ክፈል» የሚባለው ወንድ ነውና፣ ለእኔ የተላከው ተሳስቶ ወደ እርሷ የመጣ መስሎአት፣ እሑድ ስመጣ ልትነግረኝ አስቀምጣው ኖሮአል። መሥመሩም እንደ ተባለው ማክሰኞ ተዘጋ።

እኔ እናቴን «አንቺ» የምላት በፍቅር ነው። ኩባንያው ግን ይህን ወዳጅነት ከየት አመጣው?

እንዲህ ያለው አነጋገር በሌላ አገር የራሱ ታሪክ አለው። በስዊድን አገር ሰው በማዕረጉ እየተጠራ ሲኖር፣ ልማዱ መላላት ከጀመረ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የጤና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ብሮር ሬክሰድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» እንደሚሉ አስታወቁ፤ እነርሱም እንዲሁ እንዲሉአቸው። ልማዱም በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። ኢኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ኩባንያም ይህንኑ ልማድ ተከትሎ፣ ማዕረግ የለመደውን የጀርመን ደንበኛ «ዱ» ይለዋል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ የስዊድኑም ሆነ የጀርመኑ «ዱ» ወንድና ሴት አይለይም። የእኛ «አንተ» ይለያል። «ይክፈሉ» ያልን እንደ ሆነ ግን ቃሉ አባትንም እናትንም ያዳርሳል። ስለዚህ ኩባንያው አክብሮቱን ብቻ የተወ ቢመስለውም፣ ሴት ደንበኞቹን ሁሉ ከንግግሩ አስወጥቶአል።

አክብሮት ማለት ቃል ማወፈር አይደለም፤ (በዚህስ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የምንታማበት ብዙ ነው!) «ሂሳብዎን እስከ ሰኞ ይክፈሉ» ብሎ መጻፍ ከዚያኛው የሚበልጠው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ለባለጉዳይ የሚላከውን መልእክት ስታረቁ፣ ከመላኩ በፊት ለአንዲት ባልቴት ጮክ ብላችሁ እንደምታነቡላት አድርጋችሁ ብታዩት ስሕተቱ ወዲያው ይታያችኋል።

የእናቴ ሂሳብ ተከፍሎ መሥመሯ እንደ ተከፈተ ሁለተኛ መልእክት ደረሳት። «እንኳን ተመለስህ!» ይላል። እርሱንም ለእኔ አስቀምጣልኛለች።