የሠሩበት ሰዎች የሚያሳዩት የከሰል ጕድጓድ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል።

በዌልስ አገር በብሌናቨን ከተማ ቢግ ፒት የሚባል የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ አለ። ሥራው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ቆመ፤ በ1983 ዓ.ም. ለጐብኚ ተከፈተ።

በዕረፍት ቀን የሚጐበኘው ሰው ክብሪትና ባትሪ ያለበትን ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ በደጅ ያስቀምጣል፤ ከከሰል የሚወጣው አየር በጥቂት ብልጭታ ይቀጣጠላልና። ከዚያም መብራት ያለበት ቆብ ደፍቶ 90 ሜትር ያህል ወደ ምድር ሆድ ይወርዳል። በዚያ መብራቱ ሲጠፋ የገዛ እጁን እንኳ አያይም። በቀድሞ ዘመን በብሪታንያ ጕድጓዶች ሕፃናት የአየር መተላለፊያውን በር እየከፈቱና እየዘጉ በእንዲህ ያለ ጨለማ ይውሉ ነበር፤ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከምድር በታች እንዳይሠሩ የተከለከለው በ1842 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው።

በአጠገቡም ቀድሞ ከሰል ይጫንበት በነበረው ሐዲድ ላይ፣ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች የእንፋሎት ባቡር ይነዳሉ።

ጕድጓዱን የሚያሳዩት በከሰል ሥራ የኖሩ ሰዎች ናቸውና ልጁ ታሪኩን ከሠራው ሰው አፍ ይሰማል። ነገር ግን ጕድጓዱም ሐዲዱም ቢጠገን፣ ያልተነገረ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ስለዚህ መምህር ተማሪዎቹን ወደ አንጥረኛውና ወደ ሸማኔው ደጅ ይምራ፤ ሽማግሌም የሚያውቀውን ሳይደብቅ ይንገር።