ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ሲያመው ምን ይዋጥ?

(በልደታ፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን አርእስት ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። በአስም፣ በመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ በኩላሊት ወይም በቆዳ በሽታ ምክንያት ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ጊዜ የሚወስድ ሰው፣ ራሱን ወይም ወገቡን ባመመው ጊዜ የትኛውን ማስታገሻ ቢውጥ ይሻለዋል? የሚል ጥያቄ ነው። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በየቀኑ በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚቀርብ፣ ብዙ ጊዜም ሳይመለስ የሚታለፍ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ነው።

በዚህ ግቢ መነሣቱም ተገቢ ነው እንላለን። ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከአገራችን አራት ማዕዘን ሕመምተኛ ይላካል። ከእነዚህም መካከል ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ለወራትና ለዓመታት እንዲወስዱ የታዘዙ ብዙዎች ናቸው። ሐኪሙ ዘንድ የሚቀርቡት በወር ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ነው። ሕመም ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል የሚሄዱት በሰፈራቸው ወዳለው መድኃኒት ቤት ነው። ከእኛም መካከል ጥቂቶቹ ነገ በዚያ መስኮት ኋላ የሚቆሙ ናቸው።

አንዲት እናት መጡ እንበል።

«ልጄ፣ ጉልበቴን ቆረጠመኝ፤ ያቺን የቁርጥማት ፍሬ ስጠኝ።»

«እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም የሚውጡት?»

«እሱማ የደረቴ ነው። የጉልበቴ አይደለም እኮ!»

እኒህ እናት አልዋሹም። በእርሳቸው አሳብ የደረት መድኃኒት ወደ ደረት፣ የጉልበት መድኃኒት ወደ ጉልበት ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ደም ውስጥ እንደሚገናኙና በአንድ ጨጓራ ላይ እንደሚያርፉ የነገራቸው ሰው የለም። ችግሩ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። የመጀመሪያው የስቴሮይድ መድኃኒት ኮርቲዞን ለመገጣጠሚያ በሽታ የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ነበር። መራመድ ተስኗት የነበረች አንዲት ወጣት ሴት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች፣ ኬንዳልና ራይክስታይን በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዓለም ሁሉ ተደነቀ። ነገር ግን መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ አጥንት እንደሚያሳሳ፣ ስኳርና የደም ግፊት እንደሚያስነሣ፣ ሰውነትም ተላላፊ በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል እንደሚቀንስ ብዙ ሳይቆይ ታወቀ።

የሕመም ማስታገሻዎች ደግሞ ሁሉም የአንድ ወገን አይደሉም። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። በ1971 ጆን ቬን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንዳሳየው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን የሚቀንሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ቅመም በሰውነት ውስጥ እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ይኸው ቅመም ግን ጨጓራን ከገዛ ራሱ አሲድ የሚጠብቀውን ልባጭ ያዘጋጃል፤ ወደ ኩላሊትም ደም በደንብ እንዲደርስ ይረዳል። እንግዲህ ማስታገሻው ሕመሙን ሲያጠፋ ጠባቂውንም አብሮ ያባርረዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ፕሬድኒሶሎን ሲጨመር የቈሰለው ጨጓራ ቶሎ አይድንም። ሁለቱም ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀም ስለሚያደርጉ የደም ግፊትም ከፍ ይላል።

የጉዳቱን መጠን ለማወቅ በ1991 የወጣ አንድ ጥናት ይረዳናል። ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ በቴኔሲ ግዛት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሰዎች ላይ ነው። ስቴሮይድ ብቻውን የወሰዱት ሰዎች በጨጓራ ቍስል ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከሌላው ሰው እምብዛም አልበለጠም። ስቴሮይዱን ከእነ አይቡፕሮፌን ወገን ጋር ደርበው የወሰዱት ግን ሁለቱንም ካልወሰደው ሰው በ15 እጥፍ ገደማ ለዚሁ አደጋ ተጋልጠው ተገኙ። ከዚህ የምንማረው ትልቁ አደጋ ያለው በመደረቡ መሆኑን ነው።

ከዚህ የባሰ ሌላ ነገር አለ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን በሽታውን የሚሸሽገው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትንና የሆድ ቍጣን ያዳፍናል። ጨጓራው ተበስቶ እንኳ ሕመምተኛው እንደ ሌላው ሰው ላይጮህ ይችላል። ማስታገሻ ሲደረብበት ምልክቱ ጭራሹን ይጠፋል። የሳንባ ነቀርሳ ባልጠፋበት አገራችን፣ ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ላይ የታየ ትኩሳት በማስታገሻ ተሸፍኖ የሚታለፍ ሳይሆን ምክንያቱ መመርመር ያለበት ነው።

በዚህ ረገድ በሕዝባችን ዘንድ የተለመዱ ሦስት አሳቦችን መመርመር ይገባናል።

አንደኛው፣ «በመርፌ ከተወጋሁት ጨጓራዬን አይነካውም» የሚለው ነው። የዲክሎፌናክ መርፌ በጡንቻ ቢገባም ወደ ደም ይገባል፤ ፕሮስታግላንዲንን የሚከለክለውም በደም በኩል ስለ ሆነ ጨጓራው አይተርፍም።

ሁለተኛው፣ «ወተት ጠጥቼበታለሁ» ወይም «በልቼ ነው የዋጥሁት» የሚለው ነው። ምግብ የሆድን መረበሽ ያለዝብ ይሆናል፤ ቍስልን ይከላከላል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

ሦስተኛው፣ «ሆዴን ስላላመመኝ ደኅና ነኝ» የሚለው ነው። ብዙ ቍስል ሳያም ቈይቶ በመድማት ይገለጣል።

ታዲያ ሕመምተኛው ሕመሙን ችሎ ይቀመጥ ማለታችን ነውን? አይደለም። ሕመም እውነት ነው፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ከሥራና ከትምህርት ያስቀራል። «አይቡፕሮፌን ክልክል ነው» ብሎ ብቻ ማሰናበት ሰውየውን ወደሚቀጥለው መድኃኒት ቤት መላክ ነው። ስለዚህ ክልከላውን ከነምትኩ መስጠት ይገባናል።

ምትኩም አብዛኛውን ጊዜ ፓራሲታሞል ነው። ጨጓራን እንደ እነዚያ አያቈስልም። ለጎልማሳ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራም 1 ወይም 2 ፍሬ ይወሰዳል፤ እንደገና ለመውሰድ ቢያንስ 4 ሰዓት መቈየት ያስፈልጋል፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ8 ፍሬ ማለፍ አይገባም። ሰውነቱ የከሳ፣ ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ከዚህ ያነሰ መውሰድ ስላለበት ሐኪሙን ይጠይቅ። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ፓራሲታሞል በውስጣቸው ስላለ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ መጠኑን ሳይታወቅ ያሳልፋል፤ ይህም ጉበትን ይጎዳል። ለጉልበትና ለወገብ በሙቅ ጨርቅ መተኰስ፣ ቀላል እንቅስቃሴ ማድረግና የሚቀባ ቅባት መጠቀምም ይረዳል። የሚቀባው ዲክሎፌናክ ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው በጣም ባነሰ መጠን ነው። ትራማዶል ግን እንቅልፍ የሚያመጣ፣ ሆድ የሚያደርቅና ሱስ ሊያስይዝ የሚችል ስለ ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚነካ አይደለም።

ሐኪሙ ራሱ አስቦበት ሁለቱን በአንድነት ያዘዘ እንደ ሆነ፣ በጥቂት መጠንና ለአጭር ጊዜ ያደርገዋል፤ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መከላከያም ይጨምርበታል። ለልብ ተብሎ ጥቂት አስፕሪን የታዘዘለት ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

የጾምንም ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳንም እስከ ማታ የሚጾሙ ሕመምተኞች መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ይውጡታል ወይም ጨርሰው ይተዉታል። ፕሬድኒሶሎን በጠዋት ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ይመከራል። ስለዚህ ሕመምተኛው ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ወይም ከሃይማኖት አስተማሪው ጋር ቢመካከር መልካም ነው። ይህንን ንግግር ሰምቶ ፈርቶ ፕሬድኒሶሎኑን በድንገት የሚጥል ሰው ካለም ከሁሉ የከፋውን ስሕተት ይሠራል። መድኃኒቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሥራ ይተዋሉ፤ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ኃይሉ ከድቶት እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። የሚቀነሰው ጥቂት በጥቂት፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

ከከተማችን አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1965 የተመሠረተው፣ በዘነበ ወርቅ ያለው የአለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። በዚህ በሽታ ነርቭ በሚቈጣበት ጊዜ ነርቩን ከመሞት የሚያድነው ፕሬድኒሶሎን ነው። መጠኑ እየተቀነሰ ሲሄድ የነርቭ ሕመም ከተመለሰ፣ ሕመሙ «ቍጣው ተነሥቷልና ወደ ሐኪም ድረስ» የሚል መልእክት ነው። በማስታገሻ አፍኖ ቤት የተቀመጠ ሰው እጁ ወይም እግሩ ሊሰንፍበት፣ ዐይኑም ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ሆስፒታል ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናትም ስቴሮይድን ለረጅም ጊዜ መውሰድ የቅርብ ክትትል እንደሚሻ አስገንዝቧል።

ስለዚህ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረ፣ የቡና አተላ የመሰለ ያስታወከ፣ ሆዱን በድንገት የቈረጠው ወይም ያለ ምክንያት የሚያዞረውና የሚያልበው ሰው ቀን ሳይቀጥር በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ አንዳንዶች «ሕጉ ቢጠብቅ ችግሩ ይወገዳል» ይላሉ። ሕግ ያስፈልጋል፤ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን ለመግዛት ሁሉ ሐኪም ፊት ይቅረብ ብንል፣ ለትራንስፖርትና ለካርድ የሚከፍለው የሌለው ሰው ሕመሙን ይዞ ይቀራል። ከሕጉ ጋር የሚያስፈልገው የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ነው። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብቻ አይበቃም። «ለአስም፣ ለቁርጥማት፣ ለኩላሊት፣ ለቆዳ የሚውጡት አለ? ዕሽጉን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብለን እንጠይቅ። ሕመምተኛውም የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም በአንዲት ወረቀት ጽፎ በኪሱ ይያዝ፤ ማንበብ የማይችል ዘመድ ያለን ወረቀቱን እኛው እንጻፍለት። መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን፤ በፈተና ወረቀት ላይ የምንመልሰውን የመድኃኒቶች መጋጨት፣ ለአንድ ገበሬ ወይም ለአንዲት ባልቴት በሚገባ ቋንቋ መንገርንም አስተምሩን።

ዕውቀታችን ከዚህ ግቢ አጥር ወጥቶ የሰውን ጨጓራና ኩላሊት ካላዳነ፣ የተማርነው ለራሳችን ብቻ ይሆናል። ይህም እንዳይሆን ከዛሬ ጀምረን በየቤታችን፣ በየሰፈራችንና በየሥራ ልምምዳችን ጥያቄውን እንጠይቅ።